ግሪን ካርድ ምን ያህል ቋሚ ነው?

ስለ አሜሪካ ቋሚ መኖሪያ ፈቃድ የሚወራው ሁሉ ካርዱ እጅ ሲገባ ያበቃል። ዲቪ የሚሞላው፣ ስፖንሰር የሚፈለገው፣ ስለት የሚሳለው እስከዚያች ቀን ድረስ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን የሚያስረዳ ሰው እምብዛም አይገኝም። ሕጉ ግን ከባዱን ነገር ያስቀመጠው ከዚያ ወዲያ ነው። ግሪን ካርድ ቋሚ የሚባለው ነዋሪነቱ የማብቂያ ቀን ስላልተቆረጠለት እንጂ ቅድመ ሁኔታ ስለሌለው አይደለም። የያዘው ሰው በእርግጥ አሜሪካ እስከኖረ፣ ከተወሰኑ ወንጀሎች እስከራቀና ስለ ራሱ ለመንግሥት እውነቱን እስከተናገረ ድረስ ይጸናል፤ ከሦስቱ አንዱ ሲጓደል የ20 ዓመት ነዋሪም ሊያጣው ይችላል። በዚህ ጽሑፍ የምሟገተው ስለዚሁ ነው፦ ግሪን ካርድ ወደ ዜግነት የሚወስድ የአምስት ዓመት መንገድ ተደርጎ ሲያዝ ትልቅ ዕድል ነው፤ እንደ መድረሻ ተቆጥሮ ሲቀመጥ ግን ባለቤቱ ባላሰበው ሰዓትና ቦታ ዋጋ ያስከፍለዋል። የአገሪቱ መንግሥት ራሱ ባወጣው ግምት በአሜሪካ ከ12 ሚሊዮን በላይ ቋሚ ነዋሪዎች አሉ፤ ከግማሽ የሚበልጡት ዜግነት ለመጠየቅ የሚያበቃቸውን ጊዜ ጨርሰው ሳይጠይቁ የተቀመጡ ናቸው።

ወደ ካርዱ የሚያስገቡት በሮች ብዙ ቢመስሉም ዋናዎቹ አራት ናቸው፤ ቤተሰብ፣ ሥራ፣ ጥገኝነትና ዕጣ። ዛሬ ያለው አሠራር መሠረቱ በ1965 የወጣው ሕግ ነው (ዓመቶቹ በሌላ ካልተገለጹ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። ለኢትዮጵያውያን የታወቀውን ዲቪ ያመጣው ደግሞ የ1990ው ሕግ ሲሆን የመጀመሪያዎቹ ቪዛዎች የተሰጡት በ1995 በጀት ዓመት ነው። በዚህ ዕጣ በዓመት የሚሰጠው ቢበዛ 55,000 ቪዛ ነው፤ ከአንድ አገር የሚመጡ ሰዎች ከጠቅላላው 7 በመቶ በላይ ሊወስዱ አይችሉም። ዕጣው የሚወጣላቸው ሰዎች ቁጥር ከቪዛው ስለሚበልጥ ደረሰኝ ብሎ ቤት የሸጠና ሥራ የለቀቀ ሰው በጀት ዓመቱ ሴፕቴምበር ማብቂያ ላይ ሲዘጋ ባዶ እጁን ሊቀር ይችላል። በቤተሰብ በኩል ወረፋ የማይጠብቁት የአሜሪካ ዜጋ የሆነ ሰው የትዳር ጓደኛ፣ ከ21 ዓመት በታች የሆኑ ያላገቡ ልጆቹ፣ እሱ 21 ዓመት ከሞላው ደግሞ ወላጆቹ ናቸው። የተቀረው ሁሉ ሰልፍ ነው። ዜጋ ለሆነ ወንድም ወይም እህት ማመልከቻ ገብቶለት የሚጠብቅ ሰው ከ15 ዓመት በላይ ይቆያል። ተራው የት እንደደረሰ የሚነገረው የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በየወሩ በሚያወጣው ቪዛ ቡለቲን ላይ ነው። በሮቹን የሚያሰፋቸውም የሚያጠባቸውም ፖለቲካ ስለሆነ ማንም ደላላ «ዘንድሮ ክፍት ነው» ቢል ከአሜሪካ ኤምባሲ ሳያረጋግጡ ገንዘብ መስጠት ሞኝነት ነው።

ብዙ ሰው የሚያምታታው አንድ ነገር አለ። አዲስ አበባ ባለው ኤምባሲ ፓስፖርት ላይ የሚለጠፈው የኢሚግራንት ቪዛ ቋሚ ነዋሪ አያደርግም፤ አሜሪካ በር ላይ ደርሶ ለመግባት መጠየቂያ ብቻ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚያገለግለው ለስድስት ወር ነው፤ በዚያ ውስጥ ያልገባ ሰው ያጣዋል። ነዋሪነቱ የሚጀምረው የድንበር ሠራተኛው ፓስፖርቱን አይቶ ማኅተም ሲመታ ነው። ማኅተም ያረፈበት ያ ቪዛ ለአንድ ዓመት እንደ ግሪን ካርድ ያገለግላል፤ ፕላስቲኩ ካርድ ክፍያው ከተፈጸመ በኋላ በፖስታ ይመጣል። ትዳሩ ሁለት ዓመት ሳይሞላው በጋብቻ የገባ ሰው ደግሞ የሚያገኘው የሁለት ዓመት ካርድ ብቻ ነው፤ ጊዜው ከማለቁ በፊት ባሉት 90 ቀናት ውስጥ ባልና ሚስቱ አብረው አመልክተው ትዳሩ እውነተኛ እንደነበር ማሳየት አለባቸው። ትዳሩ ቢፈርስ ወይም በቤቱ ድብደባ ቢኖር ለብቻ የሚቀርብበት መንገድ አለ። ይህን ባለማወቅ «ካርዴን ያስቀማኛል» እያሉ በደል ተሸክመው የሚኖሩ ሴቶች እንዳሉ በዚህ ጉዳይ የሚሠሩ ጠበቆች ሁሉ ያውቁታል።

አሁን ወደ ዋናው ቅድመ ሁኔታ እንምጣ፤ መኖር። በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ሥር የሰደደ አንድ ምክር አለ፦ «በየስድስት ወሩ፣ ቢበዛ በዓመት አንዴ ብቅ ካልክ ካርድህ አይነካም።» ይህ ምክር ግማሽ እውነት ስለሆነ ከውሸት የባሰ ነው። እውነቱ፣ በተከታታይ ከ180 ቀን በላይ ከአገር ውጭ የቆየ ነዋሪ ሲመለስ እንደ አዲስ ገቢ ሊመረመር ይችላል፤ ከአንድ ዓመት በላይ ከቆየ ደግሞ ካርዱ ብቻውን መግቢያ አይሆነውም። ያልተነገረው ግማሽ ግን ይበልጣል። ሕጉ የሚጠይቀው ስንት ቀን እንደቀሩ ብቻ ሳይሆን ኑሮዎ የት እንዳለ ነው። ሥራዎ፣ ቤትዎ፣ የባንክ ሒሳብዎ፣ ታክስ የሚከፍሉበት አገርና ቤተሰብዎ አዲስ አበባ ሆነው በየአምስት ወሩ ለሁለት ሳምንት አሜሪካ ቢደርሱ፣ ቀኑን ጠብቀው ነዋሪነቱን ሊያጡ ይችላሉ። ለረጅም ጊዜ መውጣት ግድ ለሆነበት ሰው ሪኤንትሪ ፐርሚት የሚባል ወረቀት አለ፤ እስከ ሁለት ዓመት ያገለግላል፤ ማመልከቻው የሚገባው ግን ሰውየው አሜሪካ ውስጥ እያለ ነው። አዲስ አበባ ከደረሱ በኋላ ማሰብ ዋጋ የለውም።

ይህ ሁሉ ሥጋ ለብሶ የሚታየው አየር ማረፊያ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ የተነሳው አውሮፕላን ዋሽንግተን አጠገብ ባለው ዱለስ ያርፋል፤ ከተሳፋሪዎቹ መካከል በዜጋ ልጃቸው አማካይነት ካርድ ያገኙ፣ ከስምንት ወር በኋላ የሚመለሱ አንዲት እናት አሉ እንበል። በመስኮቱ ያለው ሠራተኛ በትህትና ይጠይቃል። ምን ያህል ቆዩ? የት ነው የሚኖሩት? እዚህ ቤት አለዎት? ባለፈው ዓመት ታክስ አስገብተዋል? እናት እንደ አገራችን ወግ በቅንነት ይመልሳሉ፦ «ቤቴማ አዲስ አበባ ነው፤ እዚህ ልጄን ለማየት ነው የምመጣው።» በዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ጉዳዩ ተበላሸ። ወደ ሌላ ክፍል ይወሰዳሉ፤ አይ-407 የሚባል ፎርም ይቀርብላቸዋል። ፎርሙ የሚለው ቋሚ ነዋሪነቴን በፈቃዴ ትቻለሁ ነው። እዚህ ላይ ሁሉም ሰው ሊያውቀው የሚገባው፣ መፈረም ግዴታ አይደለም። የማይፈርም ነዋሪ ጉዳዩን በኢሚግሬሽን ዳኛ ፊት የማሰማት መብት አለው፤ በዚያም ነዋሪነቱን እንደተወ በጠንካራ ማስረጃ ማሳየት ያለበት መንግሥት ነው። ዳኛው የመጨረሻ ትእዛዝ እስኪሰጥ ድረስ ሰውየው ነዋሪ ነው። ሆኖም ለብዙ እናቶችና አባቶች ትክክለኛው መፍትሔ ከመጀመሪያውም ግሪን ካርድ ሳይሆን የጉብኝት ቪዛ ነበር። ልጆቻቸው ክብር መስሏቸው ወይም ለሌሎቹ ልጆች መንገድ ይከፍታል ብለው ካርድ ያወጡላቸዋል፤ እነሱ ግን ዕድራቸውንና ደብራቸውን ትተው የመኖር ሐሳብ ኖሯቸው አያውቅም።

«እኔ የማውቃቸው ሰዎች 10 ዓመት ሙሉ ሲመላለሱ ምንም አልሆኑም» የሚል መልስ ይመጣል። እውነት ነው፤ ብዙዎች አልሆኑም። ያልሆኑት ግን የሚፈትሽ ሰው ስላልገጠማቸው እንጂ ሕጉ ስለፈቀደላቸው አይደለም። የሌሎች አገሮችን ሕግ ስናይ የአሜሪካው ጉድለት ይበልጥ ይገለጣል። ካናዳ ለቋሚ ነዋሪዋ ቁጥር ትነግረዋለች፤ በየአምስት ዓመቱ 730 ቀን እዚህ ተገኝ፣ በቃ። በብሪታንያ ያለ ገደብ የመኖር ፈቃድ ያለው አብዛኛው ሰው በተከታታይ ሁለት ዓመት ከወጣ ፈቃዱ ይወድቃል። አሜሪካ ግን መለኪያውን ሐሳብ ላይ አድርጋዋለች፤ ሐሳብን የሚመዝነው ደግሞ በዚያ ሰዓት ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ነው። አንዱ አስተዳደር ሲላላ፣ ሌላው ሲከር፣ ያው ሕግ ሁለት ዓይነት ውጤት ይሰጣል። እኔ ይህን የሕጉ ደካማ ጎን አድርጌ አየዋለሁ፤ ነዋሪው ግን ሕጉ እስኪሻሻል ቆሞ ሊጠብቅ አይችልም።

ሁለተኛው ቅድመ ሁኔታ ከወንጀል መራቅ ነው። እዚህ ላይ በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 የተወሰነውን የሆሴ ፓዲላን ጉዳይ ማየት ይበቃል። ፓዲላ በሆንዱራስ የተወለደ፣ በቬትናም ጦርነት ለአሜሪካ ያገለገለ፣ ከ40 ዓመት በላይ ቋሚ ነዋሪ ሆኖ የኖረ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። በኬንታኪ ግዛት በመኪናው ማሪዋና ሲያጓጉዝ ተያዘ። ጠበቃው፣ አገሪቱ ውስጥ ይህን ያህል ዘመን ስለኖርክ ስለ ኢሚግሬሽን አታስብ ብሎ መከረው፤ እሱም ጥፋተኛ ነኝ አለ። ያ ቃል ከአገር ለመባረር በቂ ነበር። ፍርድ ቤቱ፣ ጠበቃ ለውጭ አገር ዜጋ ደንበኛው ጥፋተኝነቱን ማመኑ ለመባረር ሊዳርገው እንደሚችል መንገር አለበት ሲል ወሰነ። ትልቅ ውሳኔ ነው፤ ዛሬ እያንዳንዱ ነዋሪ በዚያ ይጠቀማል። ነገር ግን የጉዳዩን ሌላ ገጽታ አስተውሉ፤ 40 ዓመትና የጦር ሜዳ አገልግሎት አልተቆጠረለትም። ያንኑ ጥፋት ዜጋ ሆኖ ቢያጠፋ ኖሮ ይታሰር ነበር እንጂ አይባረርም።

የእኛ ሰዎች በብዛት በሚኖሩበት በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ማሪዋና ለአዋቂ ሰው ተፈቅዷል። ኢሚግሬሽን የሚመራው ግን በፌዴራል ሕግ ነው፤ በፌዴራል ሕግ አልተፈቀደም። ለራሱ መጠቀሚያ እስከ 30 ግራም ይዞ ለአንድ ጊዜ የተገኘ ነዋሪ ከመባረር ሊተርፍ ይችላል፤ ከዚያ ያለፈው አደገኛ ነው። ፈቃድ ባለው የማሪዋና ሱቅ ካሸር ሆኖ መሥራት እንኳ ዜግነት ሲጠየቅ መልካም ጠባይ የለህም ሊያሰኝ እንደሚችል የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ በ2019 በግልጽ አስታውቋል። ሦስተኛው ቅድመ ሁኔታ፣ ስለ ራስ እውነቱን መናገር፣ ከዚህም የሚረቅ ወጥመድ አለው። ከ1993ቱ ሕግ ጀምሮ መንጃ ፈቃድ የሚያወጣ ሰው እግረ መንገዱን በመራጭነት እንዲመዘገብ ይጠየቃል። ወረፋ ያስመረረው፣ እንግሊዝኛው ያልጠራለት አዲስ ነዋሪ «የአሜሪካ ዜጋ ነዎት?» በሚለው ጥያቄ ፊት ለፊት «አዎ» ላይ ምልክት አድርጎ ይፈርማል። ዜጋ ሳይሆኑ ዜጋ ነኝ ማለትና ድምፅ መስጠት ለመባረር ከሚያበቁ ጥፋቶች መካከል ናቸው። አድራሻ ሲቀየር በ10 ቀን ውስጥ ማሳወቅ፣ ከ18 እስከ 25 ዓመት ያለ ወንድ ለወታደራዊ ምልመላ መዝገብ መመዝገቡ፣ በዓለም ዙሪያ የተገኘን ገቢ ለታክስ ማስታወቅ፣ እነዚህም ሁሉ የነዋሪው ግዴታዎች ናቸው። ታክሱን ለመቀነስ ብሎ «ነዋሪ አይደለሁም» ብሎ የሞላ ሰው በገዛ ፊርማው ነዋሪነቱን እንደካደ ሊቆጠርበት ይችላል።

ከሦስቱ ቅድመ ሁኔታዎች ሌላ ደግሞ የቤተሰብ ጉዳይ አለ፤ እንደ እኔ እምነት ካርዱን እንደ መድረሻ የማየት ትልቁ ዋጋ የሚከፈለው እዚህ ላይ ነው። ቋሚ ነዋሪ ለወላጁ፣ ለወንድሙ፣ ለእህቱና ላገባ ልጁ ማመልከት አይችልም። ለትዳር ጓደኛውና ላላገቡ ልጆቹ ይችላል፤ እነሱም ሰልፍ ውስጥ ይገባሉ። አንድ አባት አዲስ አበባ ላለች የ24 ዓመት ሴት ልጁ አመልክቶ እየጠበቀ ነው እንበል። ሽማግሌ መጣ፣ ቤተሰብ ተስማማ፣ ተዳረች። በሠርጓ ዕለት ማመልከቻው ይወድቃል፤ ላገባ የነዋሪ ልጅ በሕጉ ውስጥ ቦታ የለምና። አባትየው ከዚያ በፊት ዜጋ ቢሆን ኖሮ ማመልከቻው ወደ ሌላ ረጅም ሰልፍ ይዛወር ነበር እንጂ አይሞትም ነበር። ትንንሽ ልጆችን በተመለከተ ደግሞ፣ በ2001 ሥራ ላይ የዋለው ሕግ ግሪን ካርድ ያለው ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ አሜሪካ ውስጥ ከወላጁ ጋር እየኖረ ወላጁ ዜጋ ሲሆን ያለ ፈተና አብሮ ዜጋ እንዲሆን አድርጓል። ወላጅ «ምን ያጣድፈኛል» ብሎ ሲያዘገይ ልጁ 18 ይሞላዋል። ከዚያ በኋላ ልጁ ጎረምሳ ነው፤ ራሱ አመልክቶ፣ ራሱ ከፍሎ፣ ራሱ ተፈትኖ ዜግነቱን ያገኛል። በመሃሉ አንድ ቀን ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ቢሳሳት የሚጠብቀው የነዋሪ ሕግ ነው። ስፖንሰር የሆነ ዘመድም የገባው ውል ብዙውን ጊዜ የሚያበቃው ያመጣው ሰው ዜጋ ሲሆን ወይም 10 ዓመት ገደማ የሚሞላ ሥራ ሲሠራ ነው፤ በፍቺ እንኳ አይፈርስም።

በዚህ ሁሉ ላይ የሚነሳው ከባዱ ተቃውሞ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ነው። የኢትዮጵያ ሕግ ጥምር ዜግነትን አይቀበልም፤ በ1996 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 378 መሠረት በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ሰው ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን እንደተወ ይቆጠራል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ በስሜት ብቻ የሚታለፍ አድርጌ አላቀርበውም። ሆኖም የሚታጣውን በልክ መመዘን ይገባል። በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 ለትውልደ ኢትዮጵያውያን ቢጫ ካርድ ፈቅዷል፤ የያዘው ሰው ያለ ቪዛ ይገባል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ይሠራል፣ ቤት ይገዛል። የተከለከለው መምረጥና መመረጥ፣ በመከላከያ፣ በደኅንነትና በውጭ ጉዳይ መቀጠር ነው። በአገሩ ፖለቲካ መወዳደር ወይም በእነዚያ መሥሪያ ቤቶች ማገልገል ለሚሻ ሰው ዜግነቱን መያዙ ምክንያታዊ ነው፤ ዋጋውንም አውቆ ይከፍላል። አሜሪካ ቤት ገዝቶ፣ ልጅ ወልዶ፣ እዚያው ጡረታ ሊወጣ ለሚያስብ ሰው ግን የማይመርጥበትን የድምፅ ካርድ ይዞ የልጆቹን ዋስትና ማዘግየት ሚዛን አይደፋም። ያን ጊዜ ቅሬታው መቅረብ ያለበት ጥምር ዜግነትን ለከለከለው ሕግ ነው፤ ይህ ደግሞ አዲስ አበባ ላይ የሚጠየቅ ጥያቄ ነው።

ገንዘቡስ? እንግሊዝኛውስ? በ2024 በወጣው ታሪፍ ዜግነት በኦንላይን ለመጠየቅ 710 ዶላር ይከፈላል፤ ገቢያቸው ዝቅ ያለ 380 ይከፍላሉ። በየ10 ዓመቱ የሚታደሰው ካርድ በዚያው ታሪፍ በኦንላይን 415 ነው፤ ሁለት ጊዜ ያደሰ ሰው ዜጋ ከሆነው በላይ አውጥቷል። በነዋሪነት 20 ዓመት የቆየ የ50 ዓመት ሰው፣ ወይም 15 ዓመት የቆየ የ55 ዓመት ሰው ከእንግሊዝኛው ነፃ ሆኖ የታሪኩንና የመንግሥት አወቃቀሩን ጥያቄ በአስተርጓሚ በአማርኛ ሊመልስ ይችላል። ስለዚህ ሁለቱም ምክንያቶች ሰዎች እንደሚያስቡት ግድግዳ አይደሉም። ማመልከት የሌለባቸው ሰዎች ግን አሉ፤ የቆየ የወንጀል መዝገብ ያለባቸው፣ ሳያውቁ ድምፅ የሰጡ፣ ረጅም ጊዜ ውጭ የቆዩ፣ ጥገኝነት ጠይቀው ካገኙ በኋላ በሸሹበት አገር ተመላልሰው የኖሩ። ማመልከቻው የተኛን ፋይል ይቀሰቅሳልና እነዚህ ሰዎች ከሠፈር ፎርም ሞይ ዘንድ ሳይሆን ፈቃድ ካለው የኢሚግሬሽን ጠበቃ ዘንድ ቀድመው መሄድ አለባቸው።

ካርዱ እጅዎ ላይ ካለ አውጥተው ይዩት። ብዙ ሰው የሚያየው ጊዜው የሚያልፍበትን ቀን ነው፤ ዋናው ግን ነዋሪ የሆኑበት ቀን ነው፤ እሱም እዚያው ካርዱ ላይ ተጽፏል። በስደተኝነት የገባ ሰው የሚታሰብለት አሜሪካ ከገባበት ቀን ጀምሮ ነው፤ ጥገኝነት ላገኘ ሰው ቀኑ ካርዱ ከጸደቀበት አንድ ዓመት ወደ ኋላ ይሳባል። ከዚያ ቀን አምስት ዓመት ይቁጠሩ፤ ሦስቱንም ዓመት ከዜጋ ጋር ተጋብተው አብረው ከኖሩ ሦስት። ከቆጠሩት ላይ 90 ቀን ይቀንሱ። ማመልከቻው የሚከፈትልዎት ያን ዕለት ነው፤ ቤት ውስጥ ልጅ ካለ 18 ዓመት የሚሞላበትን ቀን ከጎኑ ጽፈው ያስቀምጡ።